አመፅ፣ ሁከት፣ ግርግር፣ አብዮት፦ ድንገት ለሚነሣ ነገር ቃል አመራረጥ

ብዙ ሰው በአንድ ጧት መንገድ ላይ ወጣ እንበል። ይህንኑ ክስተት አንዱ ጸሐፊ «ተቃውሞ» ይለዋል፤ ሌላው «ሁከት»፣ ሦስተኛው «ሕዝባዊ መነሣሣት»፣ አራተኛው «ግርግር» ይለዋል። በመዝገበ ቃላት አራቱም ጎረቤታሞች ናቸው። አንባቢ ጆሮ ሲደርሱ ግን አንዱ ያከብራል፣ አንዱ ይከሳል፣ አንዱ ያሳንሳል። ስለዚህ «ይህን ቃል ደጋገምኩት፣ ሌላ ላምጣ» ብሎ ከዝርዝር ውስጥ አንዱን ማንሣት ጽሑፍ አያሳምርም፤ የተነገረውን ነገር ይቀይራል።

የሚከተለው አሠራር ለዜና ጸሐፊ፣ ለተርጓሚ፣ ታሪክ ለሚጽፍ ተማሪና ለልብ ወለድ ደራሲ ያገለግላል። የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እርሳስና የግዕዝ ሥር የሚያሳይ አንድ መዝገበ ቃላት ነው።

1. ስም ሳይሰጡ ድርጊቱን ይጻፉ

ስያሜውን ለጊዜው ይተዉት። የሆነውን በተራ ግሥ፣ ከ3 እስከ 5 በሚሆኑ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ያስፍሩ። ለምሳሌ፦ «ተማሪዎች ሳይበሉ ከምግብ አዳራሽ ወጡ። ሳህኖቻቸውን በሩ ላይ ደረደሩ። ኃላፊው ወጥቶ እንዲያናግራቸው ጠየቁ። ጥበቃዎች በሩን ዘጉ። 2 መስኮቶች ተሰበሩ።» እዚህ ውስጥ «አመፅ» ወይም «ረብሻ» የሚል ቃል የለም፤ አንባቢው ግን የሆነውን አይቷል።

ከዚያ በዚያው ወረቀት ላይ አራት ጥያቄ ይመልሱ። ማን አደረገው? በማን ወይም በምን ላይ? በምን፦ በድምፅ ነው፣ ሥራ በማቆም ነው፣ በድንጋይ ነው፣ ወይስ በጠመንጃ? እስከ የት ደረሰ፦ ተበተነ፣ ቀጠለ፣ ከሸፈ፣ ወይስ ሥርዓት ለወጠ?

አራተኛውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ከባዱ ስህተት የሚመጣውም ከዚያ ነው። አንዳንድ ቃላት የሚወሰኑት ነገሩ ባለቀበት ነውና ገና በመካሄድ ላይ ላለ ነገር አይሆኑም። ለአንዱም ጥያቄ መልስ ካጡ «ተቃውሞ» ወይም «ግጭት» የመሰለውን ሰፊ ቃል ይያዙና መልሱ ሲገኝ ያጥብቡት።

2. የቃሉን ልክ ይፈልጉ

ከታች እንነሣ። «ቅሬታ»ና «ማጉረምረም» ገና ድምፅ ናቸው፤ ድርጊት አልሆኑም። «አቤቱታ» ሥርዓቱን ተቀብሎ ወደሚመለከተው አካል የሚሄድ ነው። «ተቃውሞ» ከሁሉም ሰፊው ነው፤ ደብዳቤም፣ ዝምታም፣ ሰልፍም ይይዛል፤ አይፈርድም። «ሰላማዊ ሰልፍ» ግን በልኩ የተሰፋ ቃል ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 ከመሰብሰብና አቤቱታ ከማቅረብ ጋር መብት ያደረገው እሱን ነው። ስለዚህ «ሰላማዊ ሰልፍ» ብሎ ጀምሮ በሁለተኛው አንቀጽ «ሁከቱ» ማለት ቃል መለዋወጥ ሳይሆን ሰልፈኛውን ከመብት ወደ ጥፋት ማሻገር ነው። በመካከል አንድ ነገር ተከስቶ ከሆነ ያ ነገር ይነገር።

«አድማ» እንዲኖር የቆመ ነገር መኖር አለበት፦ ሥራ፣ ትምህርት፣ ምግብ። «የሥራ ማቆም አድማ»፣ «የረሃብ አድማ» የምንለው ለዚህ ነው። የሚሄደውም ከ«መታ» ጋር ነው፤ «ሠራተኞቹ አድማ መቱ» ይባላል። ነገር ግን «አደመ» የሚለው ግሥ ከሥራ ማቆም በፊት የነበረ፣ በአንድ ሰው ላይ በስውር መማከርን የሚናገር ግሥ ነው። ያ ጥላ «አድመኛ» የሚለው ቃል ላይ እስከ ዛሬ አለ። ሥራ ያቆሙ ሰዎችን «አድመኞች» ብሎ መጻፍ ሴራ እንዳሴሩ ያሰማል፤ «አድማ የመቱት ሠራተኞች» ይበሉ። ሁለት ቃል ይረዝማል፣ ግን እውነት ነው።

ቀጥሎ ያሉት በብዛት የሚደበላለቁት ናቸው፤ እዚህ ጋ መዘግየት ይገባል።

«ግርግር» መሪም ዓላማም የለውም። ሰው ተሰብስቦ ወዲያና ወዲህ ሲል ነው። «ግርግር ለሌባ ያመቻል» የሚባለው ማን ምን እንደሚያደርግ ስለማይለይ ነው። መጥፎ ብቻ አይደለም፤ የበዓል ግርግርም አለ። ዓላማ ያለውን ነገር «ግርግር» ማለት ግን ዓላማውን መንጠቅ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ነዋይ ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ መንግሥት ለመያዝ ተነሥተው ነበር፤ ከፍተኛ ባለሥልጣናት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተገደሉ። ያ ሁሉ በሕዝብ አፍ «የታኅሣሥ ግርግር» ሆኖ ቀርቷል። ስሙን እንደ ስም መጥቀስ ያስፈልጋል፣ አንባቢ የሚያውቀው በእሱ ነውና። ሲተነትኑ ግን «የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ» ብለው በትክክለኛው ቃል ይቀጥሉ።

«ብጥብጥ» የመጣው ከ«በጠበጠ» ነው። ዱቄት ውሃ ውስጥ ሲገባ ብቻውን አይዋሃድም፤ የሚያማስለው እጅ ይፈልጋል። «በጥባጭ ካለ ጥሩ አይጠጣም» የሚለው ተረት የሚያመለክተው ያንን እጅ ነው። እንግዲህ «ብጥብጥ ተነሣ» ሲሉ፣ ባያስቡትም፣ በጥባጭ አለ እያሉ ነው። ማን እንደሆነ መናገር ካልቻሉ ቃሉን ይተዉት።

«ረብሻ» አነስ ያለ፣ ድምፅ የሚበዛበት፣ በአንድ ቦታ የተወሰነ ነው፦ ክፍል ውስጥ፣ ስታዲየም ውስጥ፣ ሰልፍ ላይ። ለአንድ ከተማ ረብሻ ማለት ያጥራል፤ ለአንድ ክፍል ነውጥ ማለት ይበዛል። «ነውጥ» መናወጥ ነውና የጸና የሚመስለው ነገር ራሱ ሲነቃነቅ ነው የሚሆነው። «ትርምስ» ደግሞ የድርጊት ስም ከመሆን የውጤት ስም ወደ መሆን ያደላል፤ ሥርዓት ሲጠፋ የሚታየው መልክ ነው። ከተፈናቀለ ሰው ብዛት ወይም ከመብራት መቋረጥም ትርምስ ሊመጣ ይችላል፤ ያመፀ ሰው ላይኖር ይችላል።

«ሁከት» ከግዕዙ «ሆከ» ነው፤ አወከ፣ አናወጠ ማለት ነው። ሰላም የነበረ ነገር ሲታወክ ይሆናል። አንድ ወጥመድ ግን አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1149 የሚያውቀው «ሁከት» ሰው በይዞታው እንዳይጠቀም የሚደረግ ጣልቃ ገብነት ነው፤ «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባለው ክስ ከዚያ ይነሣል። ጎረቤት አጥር ገፍቶ ቢያጥር ሁከት ነው፤ ድንጋይ የወረወረ ባይኖርም። የፍርድ ቤት ዜና ሲያሳጥሩ ይህን «ሁከት» ወደ «ረብሻ» ወይም «ብጥብጥ» ከቀየሩ ያልተደረገ ጥፋት በሰው ላይ ጻፉ ማለት ነው።

ስለ «ሽብር» በአጭሩ፦ ድሮ የሕዝብ ድንጋጤንም ይገልጽ ነበር፤ ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 የተተረጎመ የወንጀል ስም ነው። በዜና ውስጥ ለድንጋጤ «ድንጋጤ»፣ ለመጣደፍ «ወከባ»፣ ለተምታታ ወሬ «ውዥንብር» ይበሉና «ሽብር»ን ለሕጉ ይተዉለት።

3. የላይኞቹን አራት ቃላት ለይተው ይያዙ

«አመፅ» በግዕዝ ሥሩ በደል ማድረግ፣ ሕግ ማፍረስ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ «ዓመፀኛ» የሚባለው በደለኛው፣ ክፉ አድራጊው ነው፤ መንግሥት ላይ የተነሣ ሰው አይደለም። የመንፈሳዊ ጽሑፍ ተርጓሚ ይህን ካሳተ ኃጢአተኛውን ታጋይ ያደርገዋል። በዘመኑ አማርኛ ቃሉ ለሥልጣን አልገዛም ብሎ በግልጽ መነሣት ሆኗል፤ የድሮው የበደል ጣዕም ግን አልለቀቀውም። አመፅ ለማለት ሦስት ነገር ይጠበቃል፦ ብዙ ሰው፣ የታወቀ ሥልጣን ላይ ያነጣጠረ እምቢታ፣ ከአንድ ቀን ያለፈ ዕድሜ ወይም ኃይል። የባሌ ገበሬዎች ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ያደረጉት፣ የጎጃም ገበሬዎች በ1960 ዓ.ም. በግብር ምክንያት የተነሡበት፣ ሁለቱም ሦስቱን ያሟላሉ፤ በታሪክ ጽሑፍ «የገበሬዎች አመፅ» መባላቸው ልክ ነው።

መሣሪያ ሳያነሡ ትእዛዝ አለመፈጸም ሲሆን ደግሞ «እምቢተኝነት» ይሻላል። ግብር አለመክፈል፣ ሱቅ አለመክፈት፣ በጥሪ አለመገኘት እምቢተኝነት ነው። «አመፅ» ብሎ መጻፍ ያልተተኮሰ ጥይት ማሰማት ነው።

«መፈንቅለ መንግሥት» ከ«ፈነቀለ» ነው። ድንጋይ ሲፈነቀል ጥቂት ሰው ብረት ወይም እንጨት ከሥሩ አስገብቶ ይጫነዋል፤ ድንጋዩ ትልቅ፣ ሰዎቹ ጥቂት ናቸው። ቃሉ የሚሆነውም እንዲሁ ከውስጥ ለተነሡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለወታደሮች፣ የበላዩን ለገለበጡ ጥቂቶች ነው። ሕዝብ በሙሉ ከወጣበት ነገር ጋር አይስማማም። ካልተሳካ ደግሞ «ሙከራ» የሚለው ተቀጥላ ግዴታ ነው፦ የታኅሣሥ 1953 ሙከራ፣ የግንቦት 8 ቀን 1981 ሙከራ። «ሙከራ»ን መጣል መንግሥት ያልወደቀበትን ቀን እንደወደቀበት መጻፍ ነው። በአጻጻፍም ይጠንቀቁ፤ ቅጥያው የሚመጣው በሁለተኛው ቃል ላይ ነው፦ «መፈንቅለ መንግሥቱ»።

«አብዮት» ከግዕዙ «አበየ» ይመዘዛል፤ እምቢ አለ ማለት ነው። ሥሩ እምቢታ ይሁን እንጂ ቃሉ የሚለካው በተለወጠው ነገር ነው። የ1966ቱ ሂደት ይህን በደንብ ያሳያል። በጥር ወር በነገሌ ቦረና የጦር ክፍል ወታደሮች በምግብና በውሃ ጉዳይ በአዛዦቻቸው ላይ ተነሡ፤ ይህ የወታደሮች አመፅ ነው። በየካቲት መምህራንና በነዳጅ ዋጋ የተማረሩ የታክሲ ሾፌሮች ሥራ አቆሙ፤ ይህ አድማ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ሁሉንም አንድ ላይ «የየካቲት 66 አብዮት» የምንለው ወደ ኋላ ተመልክተን ነው። ስለዚያ የካቲት የሚጽፍ ሰው «ታክሲ ነጂዎቹ አብዮት ጀመሩ» ካለ ሾፌሮቹ የማያውቁትን ሐሳብ አሸከማቸው። «አድማ መቱ፤ በኋላ አብዮት ለተባለው ነገር አንድ መነሻ ሆነ» ይበሉ።

4. ቃሉን አገላብጠው ይፈትኑት

የመረጡትን ቃል ይዘው ሁለት ሰው ያስቡ፤ አንዱ የተነሣው፣ ሌላው የተነሣበት። ሁለቱም ጽሑፉን ቢያነቡ የትኛው ይቆጣል? ሁለቱም ካልተቆጡ ቃሉ ገለልተኛ ነው። አንዱ ብቻ ከተቆጣ ቃሉ የሌላው ነው።

ለዚህ ፈተና ከ«ሽፍታ» የተሻለ ማስተማሪያ የለም። ዘራፊም ሽፍታ ነው፣ ፍትሕ አጥቶ ዱር የገባም ሽፍታ ነው። ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከመንገሣቸው በፊት ሸፍተው ነበር፤ ስለ እሳቸው ሲነገር «ሸፈቱ» ስድብ አይደለም። በፋሺስት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ጣሊያኖች «ሽፍታ» የሚሏቸውን ሕዝቡ «አርበኛ» ይላቸው ነበር፤ ሰዎቹ ያው ናቸው። ቃሉ ድንበርም ተሻግሯል፤ በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የነበረው ግጭት እስካሁን «የሽፍታ ጦርነት» ይባላል፤ ስሙን የሰጠው ግን መንግሥት ነው።

መፍትሔው ቃሉን መሸሽ አይደለም፤ ባለቤቱን ማሳወቅ ነው። «መንግሥት ሽፍታ ያላቸው ታጣቂዎች»፣ «ራሳቸውን ነፃ አውጪ ብለው የሚጠሩት» ብለው ይጻፉ። ከዚያ በኋላ በራስዎ ድምፅ ሲጠቅሷቸው «ታጣቂዎቹ» ይበሉ፤ የሚታየው ጠመንጃው ነውና ማንም አይክደውም። ግሥ መጠቀምም ይረዳል፦ «ሸፈተ» ከ«ሽፍታ» ይለሰልሳል፣ «ዱር ገባ» ደግሞ ከሁለቱም ያነሰ ይፈርዳል። «ዱር ቤቴ አለ» ግን የሚያደንቅ አነጋገር ነው፤ ለተረክ እንጂ ለዜና አይሁን።

5. ድንገተኛነቱን በግሡ ያሳዩ

አማርኛ ድንገተኛነትን የሚያስቀምጠው በብዛት በስሙ ላይ አይደለም፤ በግሡ ላይ ነው። ስለዚህ «ድንገተኛ የሆነ የተቃውሞ መጨመር ታየ» ብሎ ስም በስም ላይ ከመደርደር «ተቃውሞው ገነፈለ» ማለት ያጥራልም፣ ይመታልም።

እያንዳንዱ ግሥ ከአንድ የሚታይ ነገር የተወሰደ ነው፤ ያንን ነገር ካላዩት ግሡን አይጠቀሙበት። ወተት እሳት ላይ ሲጣድ ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል። ከዚያ ጠርዙ ላይ ትንንሽ አረፋ ይሰበሰባል፤ መሐሉ ግን አሁንም ጸጥ ያለ ነው። ዞር ብለው ሲመለሱ ክዳኑን ገፍቶ ምድጃው ላይ ፈስሷል። «ገነፈለ» ይህ ነው፦ ለረጅም ጊዜ የሚያሞቅ እሳት፣ የሚይዝ ዕቃ፣ የታለፈ አፍ። ጽሑፍዎ ውስጥ ቀድሞ የቆየ ምክንያት ካልተነገረ «የሕዝቡ ቁጣ ገነፈለ» ባዶ ይሆናል፤ እሳቱን ሳያሳዩ የፈሰሰውን ብቻ ነው ያሳዩት። ቁጣው ገና በውስጥ ካለ «ተንተከተከ» አለልዎ።

«ተቀሰቀሰ» የተኛን ማንቃት ነው፤ አስቀድሞ የነበረ ነገርና ቀስቃሽ ይፈልጋል። ለወረርሽኝና ለግጭት ይሆናል። «ተቀጣጠለ» እሳት ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያያዝ ነው፤ ከአንድ በላይ ቦታ ካልደረሰ አይሆንም። «ፈነዳ» በአንድ ቅጽበት ነው፤ አብዮት ይፈነዳል፣ ጦርነት ይፈነዳል፣ አድማ ግን አይፈነዳም፣ ተመክሮበት የሚመታ ነውና። «በድንገት ፈነዳ» ውስጥ «በድንገት» ትርፍ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚፈነዳ የለም። «አገረሸ» የበሽታ ግሥ ነው፤ የዳነ የመሰለው ተመልሶ ሲመጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለተነሣ ግጭት «አገረሸ» ማለት በየቀኑ የሚታይ ስህተት ነው።

ምስሎቹን አያደባልቁ። «የተቀጣጠለው ተቃውሞ ከተማዋን አጥለቀለቃት» ሲባል እሳት ውሃ ሆነ። እሳት ከመረጡ እስከ መጨረሻው በእሳት ይሂዱ፦ ተጫረ፣ ተቀጣጠለ፣ ተፋፋመ፣ በረደ፣ ጠፋ። ውሃ ከመረጡ፦ ሞላ፣ ጎረፈ፣ አጥለቀለቀ፣ ጎደለ።

ሁለተኛው የአማርኛ መሣሪያ «አለ» የሚከተላቸው አጫጭር ቃላት ናቸው። ለድንገተኛ ነገር ከእነሱ የፈጠነ የለም፤ አጠቃቀማቸው ግን ቦታ ይመርጣል። «ቱግ አለ» ለአንድ ሰው ቁጣ ነው፤ ሕዝብ ቱግ አይልም። «ሆ ብሎ ወጣ» ብዙ ሰው በአንድ ድምፅ ሲነሣ ነው፤ ለአንድ ሰው አይሆንም። «ግልብጥ ብሎ ወጣ» ቤት የቀረ ሰው የለም ያሰኛል፤ ስለዚህ እውነት ካልሆነ አይጻፍ። «ብድግ አለ» ከተቀመጠበት መነሣት ነው፤ «ብድግ ብሎ ከሰሰኝ» ሲባል ደግሞ ያለ ምክንያት የሚል ወቀሳ ይጨምራል። «ቦግ አለ» የእሳትና የብርሃን ነው፤ ቶሎ እንደሚጠፋም ይጠቁማል፣ «ቦግ እልም» የምንለው ለዚያ ነው። «ግር አለ» ለመንጋና ለሕዝብ ነው፤ ግን «ግር አለው» ከሆነ ሰውዬው ተምታታበት ማለት ነው፤ አንዲት ቅጥያ ሰውን ከሰልፍ አውጥታ ግራ ታጋባዋለች። እነዚህን በልብ ወለድና በተረክ ውስጥ እንደ ልብ፣ በዜና ውስጥ በቁጥብነት ይጠቀሙባቸው፤ በሕግ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ ጨርሶ አያስገቧቸው።

ሕዝብ በመንገድ ላይ ሲበዛ ሦስት ግሦች ይፎካከራሉ። «ተመመ» ክብር አለው፤ ብዙ ሰው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ ነው። «ጎረፈ» ብዛቱን ብቻ ይናገራል። «ተንጋጋ» የከብት ነው፤ ለሰው ከዋለ ስድብ ነው።

ከአመፅ ውጭ ላለ ድንገተኛ ጭማሪ ምርጫው ቀላል ነው። ዋጋ ይንራል ወይም ያሻቅባል። ገበያ ይደራል። ግንባታና ሥራ ይጧጧፋል። ክርክር ይጦፋል። ጦርነት ይፋፋማል። «ገበያው ተጧጧፈ» ቢባል ይገባል፤ «ዋጋው ደራ» ግን አይባልም።

6. አጨራረሱንም ይምረጡ

መነሻውን በጥንቃቄ የጻፈ ሰው መጨረሻውን ብዙ ጊዜ «ቆመ» ብሎ ያልፈዋል። ግን «ከሸፈ» ለዕቅድ ነው፤ መፈንቅለ መንግሥት ይከሽፋል፣ ግርግር አይከሽፍም፣ ዕቅድ አልነበረውምና። «በእንጭጩ ተቀጨ» ገና ሳያብብ ነው። «ጋብ አለ» ዝናብ ነው፤ ሊመለስ ይችላል። «ረገበ» የተወጠረ ነገር ሲላላ ነው፤ ከውጥረት ጋር ይሂድ። «ተደመሰሰ» የአሸናፊው ቃል ነው፤ በአራተኛው እርምጃ ይፈተን።

«ተዳፈነ»ን ለይተው ይወቁት። እሳት ሲዳፈን ፍሙ በአመድ ይሸፈናል እንጂ አይሞትም፤ የሚዳፈነው በማግሥቱ ተገልጦ እንዲያቀጣጥል ነው። «አመፁ ተዳፈነ» የጻፈ ሰው ከሥር ረመጥ አለ እያለ ነው። ያን ማለት ከፈለጉ ከዚህ የተሻለ ቃል የለም፤ አለቀ ለማለት ከሆነ ግን ተቃራኒውን ጻፉ።

7. ሠርተው ይዩት

በመጀመሪያው እርምጃ ወደ ጻፍናቸው ተማሪዎች እንመለስ። አንድ ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ «በግቢው ድንገተኛ አመፅ ፈነዳ፤ ብጥብጡ ተቀጣጥሎ ንብረት አወደመ፤ ሁከቱ በጥበቃዎች ተደመሰሰ።» አንድ ክስተት ሦስት ስም አግኝቷል፣ ሦስቱም ይከሳሉ።

በአራቱ ጥያቄዎች ስናየው፦ ማን፦ ተማሪዎች። በምን ላይ፦ በምግብ አዳራሹ አስተዳደር፣ በሥልጣነ መንግሥት ላይ አይደለም፤ «አመፅ» ወደቀ። በምን፦ አልበላም በማለት፤ «አድማ» ገባ። መስኮት ተሰብሯል፣ ማን እንደሰበረው ግን አልታወቀም፤ ስለዚህ በጥባጭ ያለበት «ብጥብጥ» ወደቀ። ከአንድ ቦታ አልወጣም፤ «ተቀጣጠለ» ወደቀ። እስከ የት፦ በሩ ተዘጋ፣ ከዚያ በኋላ የሆነው አልተነገረም፤ «ተደመሰሰ» ወደቀ። የቀረው፦ «ተማሪዎች የምግብ አድማ መቱ። ጥበቃዎች በሩን ከዘጉ በኋላ ረብሻ ተነሥቶ 2 መስኮቶች ተሰብረዋል።» ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉ፤ «ረብሻ» የመጣው በሩ ከተዘጋ በኋላ ለሆነው ብቻ ነው፣ ከዚያ በፊት ላለው አልተዘረጋም። ክስተቱን ዳግም መጥቀስ ሲያስፈልግ ሌላ ስም አይፈልጉ፤ «አድማው» ይበሉ። ድግግሞሽ አንባቢን አያሳስትም፤ የተሳሳተ ተመሳሳይ ያሳስታል።

8. ፊደሉን አንድ ያድርጉ

«አመፅ» በመጀመሪያው ፊደል በአ፣ በኣ፣ በዐ ወይም በዓ፣ በመጨረሻው በፅ ወይም በጽ ሊጻፍ ይችላል፤ ባጠቃላይ 8 መልክ ነው። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ስምንት የተለያዩ ቃላት። ሥሩን ለሚከተል በ«ዐ» እና በ«ፅ» የሚጻፈው ነው ትክክሉ፤ የቀለለውን ለሚመርጥ «አመፅ» በቂ ነው። የፈለጉትን ይያዙ፣ ግን በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አንዱን ብቻ። የቆዩ ጽሑፎች ውስጥ ሲፈልጉ ደግሞ 8ቱንም ይሞክሩ፤ አለበለዚያ አብዛኛውን ያጡታል። «አብዮት» በአ፣ «ሁከት» በሀ ቤት፣ «ማዕበል» በዕ ይጻፋሉ።

በረቂቅዎ ውስጥ ቃል ለመተካት የኮምፒዩተሩን «ፈልግና ተካ» ሲጠቀሙ ሌላ ችግር አለ። የአማርኛ ቅጥያ የመጨረሻውን ፊደል ይለውጣል፦ አመፅ፣ አመፁ፣ አመፃቸው፣ አመፀኛ። «አመፅ» ብለው ቢፈልጉ «አመፅን» እና «በአመፅ» ይገኛሉ፤ «አመፁ» እና «አመፀኞቹ» ግን ሳይነኩ ይቀራሉ። «ግርግር»ም እንዲሁ «ግርግሩ»ን አያገኝም። ስለዚህ የመጨረሻውን ፊደል ትተው «አመ» ወይም «ግርግ» ብለው ይፈልጉ፤ «አመት»ና «አመራር» ቢመጡም ይለፏቸው። «ሁሉንም ተካ» የሚለውን አይጫኑ፤ እያንዳንዱን በዓይንዎ እያዩ አንድ በአንድ ይቀይሩ፣ ከስሙ ቀጥሎ ያለው ግሥ ከአዲሱ ስም ጋር እንደሚሄድም በዚያው ያረጋግጡ፤ «አመፅ ተቀሰቀሰ» ውስጥ ስሙን ብቻ ከቀየሩ «አድማ ተቀሰቀሰ» የሚል፣ ማንም የማይናገረው ዓረፍተ ነገር ይቀርልዎታል።